የተቀበረ መክሊትና የተቀበረ ዘር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ፣ ዐይኑንም ልቡንም የሚያሳርፈው አባ ኢየሱስ ሞዐ ወንበር ዘርግተው ባስተማሩበት በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር ላይ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ በኮረብቶች መካከል የተኛውን ታናሹን ባሕር፣ አርዲቦን፣ ሳያይ የሚመለስበት ጊዜ ይበዛል። የሆነ ሆኖ በውሃ ሥርዐት ታላቁ ከታናሹ ተቀባይ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አርዲቦ ትርፍ ውሃውን በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሐይቅ ይሰዳል፤ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በዚህ በላይኛው ባሕር ዳርቻና በአንከርካ ግራና ቀኝ የተሁለደሬና የወረባቦ ገበሬዎች ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጎመንና ቃሪያ ያለማሉ። ስለ ዘርና ስለ ሰው ልብ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ስፍራ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰማይ የማይታመን፣ ዝቅ ብሎ የሚታየው ውሃ ግን በእጅ የሚቀዳ ነውና።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ከፍለው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለውን ዘመነ ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ዘመነ ጸደይ ብለው ሠርተውልናል፤ የወሎ ገበሬ ግን ሐጋዩ ሳይፈጸም፣ ገና በየካቲት፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ደመና ሲያመጣለት የበልግ ሥራውን ይጀምራል። በልግ ቃሉን የማይጠብቅ ዝናብ ነው፤ አንድ ዓመት በየካቲት አጋማሽ ከተፍ ይላል፣ አንድ ዓመት እስከ ሚያዝያ ደጅ ያስጠናል፣ አንድ ዓመት ደግሞ ሁለት ቀን አካፍቶ ዘሩን ካስበቀለ በኋላ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ አትክልተኛው ሰማዩን እየተመለከተ መደቡን ግን ከባሕሩ ወይም ከመስኖው ቦይ አጠገብ ያበጃል፤ ውሃው የሚዳረሰው በተራ ስለ ሆነም ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ፣ የውሃ አባት በተሾመበት ቦታም ትእዛዙን ጠብቆ፣ ተራው በደረሰ ሰዓት ሌሊትም ቢሆን መቈፈሪያውን ይዞ ይወጣል።

በሥነ ፍጥረት ትምህርት በዕለተ ሠሉስ የተፈጠሩት የምድር በቈልታት በሦስት ይከፈላሉ፦ በምሳር የሚቈረጡ ዕፀው፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በእጅ የሚለቀሙ አታክልት። በዚህ አከፋፈል መካከል ብረት የማይነካቸው የመጨረሻዎቹ ብቻ መሆናቸውን ሳስብ፣ አታክልት ከሰው እጅ ጋር የቀረበ ዝምድና ያላቸው ይመስለኛል። ደግሞም ፀሐይ የተፈጠረው በማግሥቱ፣ በዕለተ ረቡዕ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ባስተማረው ትምህርት፣ ሣሩ ከፀሐይ መቅደሙ ሰዎች ፀሐይን የሕይወት መገኛ አድርገው እንዳያመልኩ መሆኑን አስረድቷል። ለሊቁ ይህ የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ ጎንበስ ብሎ መደብ የሚያበጅ ሰው ግን በየዓመቱ በዐይኑ የሚያየው ነገር ነው፤ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚነቃው በጨለማ ውስጥ ነውና፣ ብርሃን የሚያስፈልገው ከነቃ በኋላ ነው። ሰላጣ ብቻ ከዚህ ሕግ ትንሽ ያፈነግጣል፤ ዘሩ ብርሃን ካላየ መብቀሉን ስለሚያጓትት አፈሩ ላይ በስሱ ብቻ ይነሰነሳል። ከሕግ የሚያፈነግጥ ፍጥረት በማንኛውም መደብ ውስጥ አንድ አይታጣም።

የችግኝ መደብ ወርዱ አንድ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ የማይሰፋው አራሚው በሁለቱም ጐን ቆሞ ሳይረግጠው መሐሉን በእጁ እንዲደርስበት ነው። የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል፣ ጓሉ በእጅ ይፈረፈራል፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ርቀት ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ፣ የሽንኩርቱም ዘር አንድ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ተዘርቶ በስስ አፈር ይለበጣል፤ ከዚያም ውሃው አጥቦ እንዳያወጣው፣ ፀሐዩም እንዳያደርቀው በላዩ ሣር ይነጠፍበታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተው ጥልቀቱ ነው። ሰው የወደደውን ነገር በጥልቅ መደበቅ ይቀናዋልና፣ ዘሩንም ወፍ እንዳይለቅመው፣ ጕንዳን እንዳይጎትተው ብሎ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ነገር ግን ደቃቅ ዘር በውስጡ የያዘው ምግብ እንደ ድኻ መንገደኛ ስንቅ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ብርሃን ወዳለበት ሳይደርስ በመንገድ ያልቅበትና እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል። ሣሩም ቢሆን ቡቃያው ብቅ ባለበት ዕለት ካልተነሣ የጠበቀውን መልሶ ይጐዳዋል፤ ቡቃያው ይገረጣል፣ ይቀጥናል፣ ይወድቃል። ጥበቃ ሁሉ የራሱ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልፍ ሌላ ስም ይገባዋል።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ ዕለቱ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢት ይውላልና፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ገብር ኄር፣ ስለ በጎው አገልጋይ፣ ታስተምራለች። ጌታው ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት ሰጥቶት ሲሄድ፣ ሁለቱ ነግደው አተረፉ፤ ሦስተኛው ግን ጌታውን ስለ ፈራ ምድርን ቆፍሮ ቀበረው፤ ስለዚህም ሐካይ፣ ሰነፍ፣ ተብሎ ተወቀሰ። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ቀባሪውን ሲነቅፍ፣ ከቅጽሩ ውጭ ያለው አትክልተኛ ያለውን መልካም ነገር ሁሉ በምድር ውስጥ ሲቀብር ይገኛል። አንድ ሥራ ስለ ምን በአንዱ ዘንድ ኃጢአት፣ በሌላው ዘንድ ጽድቅ ሆነ? ብር አይበቅልም፣ ዘር ይበቅላል ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ብዙ ርቀት አያስኬድም። ዘርም እንደ መክሊቱ ሊቀበር ይችላልና። በቆላማው የሀገራችን ክፍል ገበሬው ማሽላውን በጕድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን ደፍኖ፣ ውሃና አየር እንዳይገባበት አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ያው ገበሬ ከዚያው ማሽላ ከፍሎ በማሳው ላይ ይዘራዋል። አፈሩ አንድ ነው፣ እህሉ አንድ ነው፣ ቀባሪውም አንድ ሰው ነው፤ አንደኛውን የቀበረው እንዳይበቅል፣ ሁለተኛውን የቀበረው እንዲበቅል ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በምድር ባሕርይም በዘሩ ባሕርይም ብቻ አይፈታም፤ ቀባሪው ከቀበረ በኋላ የሚያደርገውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐካዩ አገልጋይ መክሊቱን ከቀበረ በኋላ ወደ ጕድጓዱ ተመልሶ እንደ ሄደ አልተነገረም፤ የሄደው ጌታው መጥቶ ሒሳብ በጠየቀው ቀን ብቻ ይመስላል። አትክልተኛው ግን ከቀበረበት ሰዓት ጀምሮ የተቀበረው ነገር አገልጋይ ይሆናል። ጧትና ማታ ውሃ ያርከፈክፋል፣ ሲበዛ ሥሩ ይበሰብሳልና መጠኑን በጣቱ አፈሩን ዳሶ ያውቃል፤ ተጨናንቆ የበቀለውን ያሳሳል፤ በሌሊት ወጥቶ ግንዱን ከአፈሩ ጋር አስተካክሎ የሚቈርጠውን ትል በማለዳ ፈልጎ ይለቅማል። የሽንኩርት ችግኝ በመደብ ላይ 50 ቀን ያህል፣ የቲማቲም ችግኝ አንድ ወር ያህል እንዲህ ያለ ደጅ ጥናት ይጠይቃል። እኔ እንደማየው በዘር ማመን ማለት ይህ መመላለስ ነው። ዘርቶ ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ ብሎ የሚተኛ ሰው የሃይማኖት ሰው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከዚያ ሐካይ የሚለየው የቀበረው ነገር ዋጋው በማነሱ ብቻ ነው።

መመላለሱ ደግሞ ፍጻሜ አለው። ችግኙ ሊዛወር አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ብልኅ አትክልተኛ ውሃውን ቀስ በቀስ ይቀንስበታል፣ ጥላውን ያነሣበታል፤ ያላየው ሰው ጨከነ ይለዋል፤ እርሱ ግን በሰፊው ማሳ የሚጠብቀውን ፀሐይና ነፋስ ገና በመደቡ ሳለ እያለማመደው ነው። ከዚህ በታች ባለው ታላቁ ባሕር ዳር በ13ኛው መቶ ዓመት የተደረገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው በደብረ ዳሞ ገዳም ተምረው ወደ ሐይቅ የመጡ ነበሩ፤ በሐይቅ ያስተማሯቸውን ደግሞ በዙሪያቸው አከማችተው አላስቀሩም፤ ገድላቸው እንደሚተርከው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ዘንድ ተምረው ከወጡ በኋላ ነው ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የሚባለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት። በደብሩ ላይ የቀሩ ቢሆን ኖሮ ሐይቅ አንድ ታላቅ መነኵሴ ታተርፍ ነበር፤ ሸዋ ግን ደብረ ሊባኖስን አታገኝም ነበር።

በአርዲቦ ዙሪያ ካለው ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ፣ የመክሊቱን ምሳሌ ከዐውደ ምሕረት አይሰማውም፤ ነገር ግን ከነቢዩ መሐመድ የሚተላለፍ፣ ለዚሁ ነገር ሌላ በር የሚከፍት ትምህርት አለው፤ ይኸውም የዓለም ፍጻሜ በደረሰበት ሰዓት እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው የሚያዝዝ ነው። ይህን ትምህርት በአንክሮ ሳሰላስለው የሐካዩ አገልጋይ ተቃራኒ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሐካዩ ጌታው እንደሚመጣ በማወቁ ፈርቶ እጁን ሰበሰበ፤ ይህኛው የሁሉ ጌታ በደጅ ሳለ እጁን አይሰበስብም። ፍሬውን እንደማይበላ ያውቃል፤ ይተክላል። እንግዲህ አትክልተኛነት በፍሬ ተስፋ ብቻ የቆመ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህ ትእዛዝ ትርጕም ባልኖረው ነበር፤ ከፍሬው በፊት ለችግኙ የሚገባ ዕዳ እንዳለ ሁለቱም ሃይማኖቶች በየራሳቸው መንገድ የሚያስተምሩ ይመስለኛል።

ስለ ወሎ እየተናገሩ ስለ ዘር ሲያወሩ ግን ዝም ብሎ ማለፍ የማይቻል ነገር አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በዚህ ምድር ላይ በወረደው ረኃብ፣ ስንት ቤት ውስጥ ለዘር የተቀመጠችው የመጨረሻ ቍና ከምድጃ ጋር ፊት ለፊት እንደ ተያየች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ለዘር ያስቀመጠችውን እህል ቆልታ ለልጆቿ ያቀመሰችን እናት ማንም በደኅና ቀን የጠገበ ሰው ሊፈርድባት አይገባውም፤ የሚመጣው ዓመት ለሞተ ልጅ አይመጣምና። ይሁን እንጂ ያች ቍና ስትበላ ያለቀው የዚያ ቤት ምግብ ብቻ አልነበረም፤ አያት ከቅድመ አያት የተቀበለችው፣ ለዚያች ኮረብታ አፈርና ለዚያች ኮረብታ ውርጭ የተመረጠ ዘር አብሮ አለቀ። ከሌላ ሀገር በመርከብ የመጣ ስንዴ ረኃብን ያስታግሣል፤ የተራራውን ገብስ ግን አይመልስም።

ይህን ፈተና ሰዎች በሌላም ስፍራ ተቀብለውታል። በ1919 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን መጥቶ በበቅሎ እየተዘዋወረ የስንዴና የገብስ፣ የሌላም እህል ዘር የሰበሰበው ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ኢትዮጵያን የዓለም የእህል ዘሮች ከሚመነጩባቸው ጥቂት ማዕከሎች መካከል ቈጥሯታል። ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበው ዘር የተቀመጠበት የሌኒንግራድ ተቋም፣ ከተማይቱ ከ1934 እስከ 1936 ዓ.ም. ወደ 900 ቀን ያህል በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቧ በረኃብ ሲያልቅ፣ ሠራተኞቹ በዘር የተሞሉትን ሣጥኖች ሳይነኩ ጠበቁ፤ የሩዝ ዘር ኀላፊ የነበረው ሊቅ በሺሕ በሚቈጠሩ የሩዝ ጥቅሎች መካከል በረኃብ ሞተ። ቫቪሎቭም ራሱ በዚያው ዘመን በሀገሩ መንግሥት ታስሮ ነበርና በ1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኃብ አረፈ። የእነዚህን ሰዎች ነገር ስሰማ ልቤ በአድናቆትና በድንጋጤ መካከል ይቆማል። ጀግንነታቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ከወሎዪቱ እናት ይልቅ ጻድቃን ናቸው ለማለት አልደፍርም። እነርሱ የዓለሙን ዘር የሚጠብቁት ለማያውቁት ትውልድ ነበር፤ እርሷ ግን ፊት ለፊቷ የሚያለቅሰውን ትውልድ በስሙ ታውቀው ነበር።

በሀገራችንም በ1960ዎቹ መጨረሻ የዘር ሀብት ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ የአዝርዕቱ ዘር ከየአውራጃው እየተሰበሰበ በቀዝቃዛ ክፍል መቀመጥ ጀመረ። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በዚህ ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ ነገር ግን በእኔ ግምት ከሽልማቱ የሚበልጠው ያስተዋሉት ነገር ነው። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ብቻ እንደማይድን፣ ገበሬው ራሱ በማሳው ላይ እየዘራና እየመረጠ ካላቈየው ኑሮው ግማሽ ኑሮ እንደሚሆን ተረድተው፣ ከረኃቡ በኋላ በሰሜን ሸዋና በወሎ ካሉ ገበሬዎች ጋር የአካባቢውን ዘር ወደ ማሳው የመመለስ ሥራ አስጀመሩ። እንኳን ማሳው ቀዝቃዛው ክፍልም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ የተቀመጠው ዘር የመብቀል ኃይሉ እየቀነሰ ሲሄድ እንደ ገና አውጥቶ መዝራት፣ አዲስ ዘርም ሰብስቦ መመለስ ግድ ይሆናል። መክሊትን መቅበር ለማንም አልተፈቀደም፤ በበረዶ ውስጥም ቢሆን።

ዛሬ የገበያው አታክልት ዘር አብዛኛው በጣሳና በከረጢት ታሽጎ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ይህን እንደ ጥፋት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን በችኮላ አልኰንነውም፤ ምርቱ ብዙ ነው፣ የአርዲቦ ዳር ገበሬም ልጆቹን የሚያስተምረው በሽንኩርትና በቲማቲም ገንዘብ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ድቅል የሆነው ዘር ምርቱን ከሰጠ በኋላ ከፍሬው የሚወሰደው ዘር ወላጁን መስሎ አይወጣምና፣ ገበሬው ለሚመጣው ዓመት እንደ ገና ወደ ሱቅ ይሄዳል። በዚህ ዐይነት መመላለስ ከመደቡ ወደ ሱቁ ይዛወራል፣ ዘር መምረጥ የሚያውቅ ዐይንም ሥራ ይፈታል። አንዲት የገጠር ሴት ጓሮዋ ውስጥ ከበቀሉት ጎመኖች መካከል የትኛው ቅጠሉ ለስላሳ፣ የትኛው ውርጭ የሚችል፣ የትኛው አበባ ለማውጣት የማይቸኵል እንደ ሆነ በማየት ብቻ ታውቃለች፤ ይህ ዕውቀት በጣሳ ላይ አይጻፍም፣ አንድ ትውልድ ካልተጠቀመበትም የሚቀጥለው አያገኘውም።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በከተማም ሆነ በገጠር አንዲት መደብ የምታህል መሬት ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከገበያው ዘር የፈለጋችሁትን ዝሩ፤ አንዱን መስመር ግን ለሐበሻ ጎመን ተዉለት። ጎመኑ ሲደርስ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ያማረ ያማረውን ቀጥፎ የተረፈውን ለዘር መተው ልማድ አይሁንባችሁ፤ ከሁሉ የበለጠውን ምረጡና ሁለት ሦስቱን አትንኳቸው። ቢጫ አበባቸውን ያውጡ፣ ቆባቸው እስኪደርቅ ቆመው ይቈዩ፤ ከዚያ ወቅታችሁ ዘሩን በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡ፣ ከፍላችሁም ለጎረቤት ስጡ፤ የእናንተ መደብ በውርጭ ወይም በትል ቢጠፋ ከእርሱ ታገኙታላችሁ። የጎመኑ ዘር በደንብ ከተያዘ ጥቂት ዓመታት ይቈያል። የሽንኩርት ዘር ግን የመብቀል ኃይሉን ቶሎ የሚያጣ ስለ ሆነ፣ በእጃችሁ ያለ ካለ ለከርሞ አታሳድሩት፤ በመጪው የካቲት ዝሩት።